በማን ቀን ነበር?

ሲስተር የሺመቤት ማረፋቸውን የነገረችኝ እናቴ ናት። ደብረ ማርቆስ ሥራ ልገባ ስወጣ ስልኬ ጮኸ። እናቴ ሰላምታ ታበዛለች፤ ስለ ጤናዬ፣ ስለ አከራዬ፣ ስለ ብርዱ ሳትጠይቅ ወደ ጉዳይዋ አትገባም። ያን ዕለት ግን አንዱንም አልጠየቀችኝም።

«እመቤት፣ ሲስተር የሺ አረፉ» አለች። ቀጥላም፣ «ዛሬ ንጋት ላይ። በኪዳነ ምሕረት» አለች።

ቀኑን በታቦቱ ስም መጥራቷ አዲስ ነገር አይደለም፤ አገሩ ሁሉ እንዲያ ነው የሚቆጥረው። እኔን ግን ያስለቀሰኝ እሱ ነው። ሲስተር የሺ የሴቶችን ሕመም የሚያውቁት በዚሁ አቆጣጠር ነበር። እናቴንም ያገኟት በዚሁ ነው።

ከዩኒቨርሲቲ በላቦራቶሪ ተመርቄ መጀመሪያ የተመደብሁት ከማርቆስ ብዙ በማይርቅ አንድ የገጠር ጤና ጣቢያ ነበር። ላቦራቶሪን የመረጥሁት፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሰው ማናገር ስለምፈራ ነው። ደም አይናገርም። የታማሚውን ክንድ አስሬ፣ «ትንሽ ቆንጠጥ ያደርግዎታል» እላለሁ፤ ከዚያ በሬን ዘግቼ ከማይክሮስኮፔ ጋር እቀመጣለሁ። ውጤቱን በወረቀት እልካለሁ። ለእኔ እንዲህ ያለ ሥራ ነበር የሚስማማኝ።

የእኔን ክፍልና የሲስተር የሺን የሴቶች ክፍል የሚለየው ኮምፔንሳቶ ብቻ ነው። ስለዚህ ሳላያቸው በፊት ድምፃቸውን አወቅሁት። ወፍራም ድምፅ ነው፤ ሳቅ ይቀርበዋል። አንድ ቀን ከአንዲት ሴት ጋር ሲነጋገሩ ሰማሁ።

«በማን ቀን ነበር የመጣው?»

«በገብርኤል ዋዜማ መሰለኝ።»

«የቱ ገብርኤል? የታኅሣሡ?»

«አይ፣ የጥቅምቱ። ማኅበር ደግሼ፣ ዳቦውን በእህቴ ነው ያስቆረስሁት።»

«ከዚያ ወዲያስ?»

«በኅዳር የለም። በታኅሣሥ የለም። ጥር ላይ ለአቦ ዋዜማ መጣና ሁለት ቀን እንኳ ሳያድር ሄደ።»

«እህ! እንግዳ ሆነ በይኛ። ሲያሻው የሚመጣ፣ ሲያሻው የሚሄድ።»

ሴትዮዋ ስትስቅ ሰማሁ። እኔ የተማርሁት «የመጨረሻው የወር አበባሽ መቼ ነበር?» ብሎ መጠየቅን ነው፤ ለዚህ ጥያቄ ደግሞ የአገራችን ሴት መልሷ አንድ ነው፦ «ምን አውቄ።» በኋላ ስለዚህ ሳነሳባቸው ሲስተር የሺ፣ «ቁጥሩን አልያዘችውም፤ ማኅበሯን ግን አትረሳም» አሉኝ። «በበዓሉ ቀን ቤተ ክርስቲያን መግባቷንና አለመግባቷን ጠይቂያት፤ የሁለት ዓመቱን አንድ በአንድ ትነግርሻለች።»

አጭር፣ ደንዳና፣ ጸጉራቸውን ሁልጊዜ በጥቁር ሻሽ ያሰሩ ሴት ነበሩ። ሁለት ልማድ ነበራቸው። አንደኛው መስኮት መክፈት ነው፤ የጮቄ ተራራ ብርድ አጥንት ሲበሳ እንኳ መስኮታቸው ክፍት ነው። ዘበኛው፣ «ሲስተር፣ በሽተኛ ልታክሚ ነው ልታደርቂ?» እያለ ያሾፍባቸው ነበር። «አንተ አርፈህ በርህን ጠብቅ! የኔን እሳት አንተ አልያዝኸው» ይሉታል። ሁለተኛው ልማዳቸው ወንበር ማዞር ነው። የታካሚዋን ወንበር ከጠረጴዛው ፊት አንስተው ከራሳቸው ጎን ያደርጉታል፤ ሁለቱም ወደ መስኮቱ ይመለከታሉ። «ሴት ይህን ነገር ፊት ለፊት አትናገርም» ይላሉ። «መንገድ አብራሽ ስትሄድ ግን ትናገራለች።»

እናቴ የቄስ ሚስት ናት። ቤታችን ከደብረ ኤልያስ አለፍ ብሎ ያለ ገጠር ነው። በዚያ ዓመት አርባ ሰባት ዓመቷ ነበር። በታኅሣሥ ለገበያ መጣችና ጤና ጣቢያ ጎራ አለች፤ «ያተኩሰኛል፣ ያልበኛል፣ እንቅልፍም የለኝ» አለችኝ። ተራ እንዳትጠብቅ ብዬ ደሟን ራሴ ወሰድሁ። ወባ የለም። ለታይፎይድ ስሞክረው ጠብታዋ እንደ ረጋ ወተት ፍርፍር አለች፤ ብዙ ሳይሆን ትንሽ። «ታይፎይድ» ብዬ ጻፍሁ። ተረኛው ሐኪም መድኃኒት አዘዘላት። በየካቲት ተመልሳ መጣች፤ ያው ፍርፋሪ፣ ያው መድኃኒት። በሚያዝያም እንዲሁ። በመሀሉ ሁለት ሱባኤ ጠበል ገብታለች። እየከሳች፣ እየገረጣች ሄደች።

የሚገርመው፣ ላቧን ለእኔ ለመንገር አላፈረችም፤ እኔም ደሟን ለመውሰድ አላፈርሁም። ሌላውን ግን እሷም አልነገረችኝ፣ እኔም አልጠየቅኋት። የወር አበባ የሚለው ቃል በቤታችን ተነግሮ አያውቅም። የእኔ የጀመረ ጊዜ እንኳ ያስተማረችኝ የጎረቤት ልጅ ናት።

በሐምሌ ለአራተኛ ጊዜ መጣች። ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም፤ ሰው ሁሉ በጋቢ ተጠቅልሎ ይንቀጠቀጣል። እናቴ ከላቦራቶሪው በር አግዳሚ ላይ ተቀምጣ፣ ሻሿን ፈትታ፣ በነጠላዋ ጫፍ ታራግባለች። ፊቷ ቲማቲም መስሏል። ሲስተር የሺ የታካሚ ካርድ ታቅፈው ሲያልፉ አይዋትና ቆሙ። ወደ ክፍሌ ገብተው በሩን መለስ አደረጉት።

«ያቺ ሴት ማናት?»

«እናቴ ናት።»

«ምን ሆነች?»

«ታይፎይድ ነው።»

«ስንተኛው?»

«አራተኛው ይመስለኛል።»

«ዕድሜዋስ?»

ነገርኋቸው። «የወር አበባዋስ?» አሉ።

ጆሮዬ ሲግል ተሰማኝ። «አልጠየቅኋትም» አልሁ።

«ለምን?»

«እናቴ ናት'ኮ፣ ሲስተር!»

«እናስ? ማን እንዲጠይቃት ነው? አባትሽ?»

እጄን ያዙና፣ «ነይ፤ አንቺ ጻፊ፣ እኔ ልጠይቅ» አሉኝ።

እናቴን ከጎናቸው አስቀመጧት። እኔ ከኋላቸው ቆሜ ብዕር ያዝሁ። መጀመሪያ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጤፉ፣ ስለ መንገዱ አወሩ። ከዚያ ሲስተር በታካሚ ካርድ ራሳቸውን እያራገቡ፣ «እኔን ደግሞ ይኸው እንዲህ ያደርገኛል፤ ከደረቴ ተነሥቶ ፊቴ ላይ ይወጣል። አንቺንስ ከየት ይነሣል?» አሏት።

እናቴ ዞር ብላ አየቻቸው። «ከዚሁ» አለች፤ ደረቷን በመዳፏ ነክታ። «ልቤም ይመታል። ላቡ ሲመለስ ደግሞ ብርድ ብርድ ይለኛል።»

«ልማድሽስ? የመጨረሻው በማን ቀን ነበር?»

እናቴ እኔን አየችኝ። እኔ ወረቀቱን አየሁ። ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞራ መናገር ጀመረች፤ እስከዚያ ቀን እንደዚያ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም። እስከ ጥቅምት ድረስ በየወሩ ከመድኃኔዓለም አያልፍም ነበር። በኅዳር ቀረ። በታኅሣሥ ሁለት ጊዜ መጣ፤ በበዓታና በባለ ወልድ። በጥር...

በጥር ላይ ስትደርስ የነጠላዋን ጫፍ ጣቷ ላይ መጠቅለል ጀመረች። ሲስተር አላጣደፏትም።

«በአስተርእዮ ማርያም ነበር» አለች በመጨረሻ። «ቅዳሴ ቆሜ ሳለሁ፣ ባላሰብሁት ቀን። ነጠላዬን ሸብ አድርጌ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ ከደጅ አላለፍሁም። መቼ እንደሚመጣብኝ አላውቅማ! ደግሞ እዚያው ቢመጣብኝስ? የቄስ ሚስት ነኝ።»

«ስድስት ወር?»

«ስድስት ወር። ሥጋ ወደሙንም አልተቀበልሁም። አገሩ ማውራት ጀምሯል።»

«ምን ብሎ?»

«ቁርባኗን አፍርሳ ነው ብሎ።»

ብዕሬ ቆመ። ይህ ምን ማለት እንደሆነ የቄስ ልጅ አይጠፋትም። ሚስቱ ቁርባን ያፈረሰችበት ቄስ መቀደስ አይችልም። እናቴ ሌላ ወንድ ጋር ደርሳለች እየተባለ ነበር፤ አባቴ ከቤተ መቅደስ ሊወጣ ነበር። እሷ ደግሞ ለሰው የምትሰጠው ምክንያት አንድ ብቻ ነበር፦ «ታይፎይድ አለብኝ።» ያንን የሰጠኋት እኔ ነኝ።

ሲስተር የሺ ቶሎ አላጽናኗትም። መጀመሪያ የቀረውን ጠየቁ። በሚያዝያ ዐሥር ቀን ሙሉ ፈሷት እንደነበር፣ በግንቦት እንደጠፋ፣ በሰኔ ሚካኤል እንደመጣ ሁሉ አስነገሯት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «መጀመሪያ እርግዝና እዪላት» አሉኝ።

እናቴ ብድግ አለች። «ኧረ በማርያም! በዚህ ዕድሜዬ?»

«ሣራስ? የቄስ ሚስት ሆነሽ የሣራን ረሳሽው?»

እናቴ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች። ከታኅሣሥ ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያን ጊዜ ነው።

እርግዝና የለም። ስኳሯና ግፊቷ ደህና ነው። የደም መጠኗ ግን ወርዷል፤ መገርጣቷ ከዚያ ነበር። ሲስተር የብረት ኪኒን ሰጧት። የሚያዝያው ፈሳሽ መብዛቱ ስላላማራቸው ማርቆስ ሄዳ ማኅፀኗን በአልትራሳውንድ እንድትታይ ጻፉላት፤ ታየች፣ ምንም የለም ተባለ። እኔ የማምነው መሣሪያ ነውና፣ «ሆርሞንም ቢለካላት አይሻልም?» ብዬ ነበር።

«በሚያዝያ አንድ ቀን ዝናብ ጣለ ብለሽ ክረምት ገባ ትያለሽ?» አሉኝ። «በዚህ ጊዜ ሆርሞኑ ዛሬ ይወጣል፣ ነገ ይወርዳል። ዛሬ ብትለኪው ገና ነሽ ይላታል፣ በሳምንቱ አበቃልሽ ይላታል። አርባ አምስት ያለፈች ሴት ወሯ ከተዛባና እሳቱ ከወጣባት ምርመራዋ ይኸው አንቺ የጻፍሽው ነው።» አርባ ሳይሞላት የቀረባት ሴት ስትመጣ ግን ራሳቸው ማርቆስ ለሆርሞን ምርመራ ይልኩ ነበር። ምርመራን አይንቁም፤ ያለ ቦታው ሲሆን ነው የሚቆጡት።

ለእናቴ እንዲህ አሏት። «በሽታ አይደለም። ማረጥ ማለት ዓመት ሙሉ ሳይመጣ ሲቀር ነው። አንቺ ገና ዋዜማው ላይ ነሽ። የበዓሉ ዋዜማ አንድ ሌሊት ነው፤ የዚህ ግን ዓመታት ሊፈጅ ይችላል።»

«ታይፎይዱስ?»

ሲስተር ወደ እኔ አልዞሩም።

«ታይፎይድ ያልነው እኛ ነን» አሉ። «ደም የድሮ ሕመም ያስታውሳል፤ ትንሽ ትንሽ ፍርፍር ይላል። ያንን አይተን ተሳሳትን። ይቅር በይን።»

«እግዚአብሔር ይቅር ይበላችሁ» አለች እናቴ። እኔ ጫማዬን አየሁ። «እኔ ነኝ» ማለት ነበረብኝ፤ አላልሁም።

እናቴ ስትነሣ፣ «ቤተ ክርስቲያንስ መግባት እችላለሁ?» ብላ ጠየቀች።

«እሱን እኔ አላውቅም፤ ባልሽ ነው የሚያውቀው። እኔ የማውቀው ሰውነትሽን ነው። ንገሪው።»

«እንዴት ብዬ?»

ሲስተር እኔ የጻፍሁትን ወረቀት አጥፈው ሰጧት። «መናገር ካቃተሽ ያንብበው። ቄስ አይደለም? በዓላቱን ያውቃቸዋል።»

አባቴ ወረቀቱን አነበበው። የሆነውን ታናሽ እህቴ ነገረችኝ። ከአስተርእዮ ማርያም ላይ ሲደርስ ቀና ብሎ፣ «ያን ቀን ነው እንዴ የወጣሽው?» አለ። ወረቀቱን በዓላትና አጽዋማት በሚያወጣበት ደብተሩ ውስጥ አስገባው። በፍልሰታ መጨረሻ፣ ንጹሕ በሆነችበት ቀን፣ አብሯት እስከ ደጁ ሄደ። «ምናልባት ቢሆን ነጠላሽን ተከናንበሽ ውጪ፤ የሚጠይቅሽ ካለ እኔን ይጠይቅ» አላት። ሁለቱም በሕዝቡ ፊት ቆረቡ። ወሬው በዚያው ሞተ።

ከዚያ በኋላ የሚቆጥረው አባቴ ሆነ። በደብተሩ ጠርዝ በእርሳስ ምልክት ያደርጋል። በጽጌ መጣ። በጥር መጣ። በሁለተኛው ዓመት መስከረም ከመጣ በኋላ ግን ቀረ፤ እንደገና መስከረም ሲጠባ አባቴ፣ «ሞላ» አላት። እናቴ ማር ይዛ ለሲስተር ልትነግራቸው መጣች። ማሩን ተቀበሉና ፊታቸውን ኮስተር አድርገው፣ «ስሚኝ» አሉ። «ከዛሬ ወዲያ አንዲት ጠብታ ብታዪ ልጅነቴ ተመለሰ ብለሽ እንዳትደሰቺ። በዚያው ቀን ትመጫለሽ። በማግስቱ አይደለም፤ በዚያው ቀን።» እናቴ ይህን እስከ ዛሬ ለጎረቤት ሴቶች ሁሉ ታስተምራለች፤ ያውም በሲስተር የሺ ድምፅና ቁጣ።

አንድ ጊዜ ለሲስተር፣ «ይህን ሁሉ ከማን ተማሩት?» ብያቸው ነበር። መስኮቱን ከፈቱ። «ከማንም። እኔን የጠየቀኝ አልነበረም» አሉ። «ልቤ ሲመታ የልብ በሽተኛ ነሽ ተባልሁ። ሦስት ዓመት የልብ ኪኒን ዋጥሁ። ነርስ ሆኜ! ያኔ አንድ ሰው፣ አንድ ሰው ብቻ፣ በማን ቀን ነበር ቢለኝ ኖሮ...» አልጨረሱትም። ከዚያ በያዙት ካርድ አራገቡኝና፣ «አንቺ ዓይናፋር፣ ደም ብቻ እያየሽ አትኑሪ፤ ባለ ደሟንም እዪ» አሉኝ።

ያን ምክር ለመፈጸም ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል።

ለቀብሩ እኔ ከማርቆስ፣ እናቴ ከቤቷ መጣን፤ ከጤና ጣቢያው አጠገብ ባለው መናኸሪያ ተገናኝተን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በእግር ወጣን። የኅዳር ብርድ ነው። ዳገቱ መሀል ላይ እናቴ ትንፋሽ ልትወስድ ቆመችና፣ «ያን ቀን 'እኛ ነን የተሳሳትነው' ሲሉ አንቺ ጫማሽን ታዪ ነበር» አለችኝ።

ደነገጥሁ። «ታውቂ ነበር?»

«እናትሽ ነኝ'ኮ። ደሜን የወሰድሽው አንቺ፣ ወረቀቱን የጻፍሽው አንቺ። ሌላ ማን ይሳሳታል?»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«እሳቸው የሸፈኑልኝን ልጅ እኔ ልገልጣት?» አለችና መንገዷን ቀጠለች።

ደጁ ላይ ስንደርስ ተለያየን። እኔ ያን ዕለት የማልገባበት ቀኔ ነበር። እናቴ ጫማዋን አውልቃ፣ ደጁን ስማ ገባች፤ ሳትቸኩል፣ ሳትፈራ። ከኋላዋ አየኋት። ሲስተር የሺ ይህን ቢያዩ ብዬ አሰብሁ። ውስጥ ግን ፍትሐት የሚደረሰው ለእሳቸው ነበር።

ከቅጥሩ ውጭ፣ ከባሕር ዛፉ ሥር፣ እንደኔ ያልገቡ ሴቶች ተቀምጠዋል። ከሁሉም ራቅ ብላ አንዲት ሴት ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች፤ አርባ አምስት ቢሆናት ነው። ሌሎቹ በብርዱ ተጠቅልለዋል። እሷ ሻሿን ወደ ኋላ ገፍታ በነጠላዋ ጫፍ ታራግባለች። ግንባሯ ረጥቧል።

ትንሽ ቆምሁ። ሰው ማናገር አሁንም ይከብደኛል። ከዚያ አንድ ድንጋይ አነሣሁና ከጎኗ አስቀምጬ ተቀመጥሁ። ሁለታችንም ወደ መንገዱ ተመለከትን። ስለ ብርዱ ተናገርሁ። ስለ ሟቿ ተናገርሁ። «አውቃቸዋለሁ፤ ልጆቼን ያዋለዱልኝ እሳቸው ናቸው» አለች።

«እትዬ፣ ሙቀቱ ከደረትዎ ነው የሚነሣው?»

ማራገቧን አቆመች። «ምን አወቅሽ?»

«ልማድዎስ? የመጨረሻው በማን ቀን ነበር?»

ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። አጠፋሁ ብዬ ልነሣ ስል እናቴ ከደጁ ወጣች፤ ፍትሐቱ ስለረዘመ ብርዱ እንዳይጎዳኝ ጋቢዋን ልትሰጠኝ ነው። ጋቢውን ትከሻዬ ላይ ጣለችና ሁለታችንን አየችን። ወዲያው አልተመለሰችም። በሴትዮዋ በሌላኛው ጎን ሣሩ ላይ ቁጭ አለች፤ እሷም ወደ መንገዱ እያየች።

«ንገሪያት፣ እቴ» አለች እናቴ። «ልጄ ናት። እኔም ነግሬያታለሁ።»

ሴትዮዋ ነጠላዋን ከፊቷ አወረደች።

«በሥላሴ ነበር» አለች። «በሐምሌ ሥላሴ።»